የቆረጥሁብህ አንድ ደቂቃ

የምወድህ አባዬ፣

ከተለየኸን ዘጠነኛ ወሩን ያዘ። ያን ቀን በነሐሴ ጭቃ ከቀብር ተመልሰን፣ እማዬ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ጓሮ ዞረችና "እንግዲህ እናንተን ማን ያያችሁ?" አለች። ንቦቹን ነበር። ሰው ሁሉ ሐዘኑ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ ብሎ ደነገጠ፤ እኔ ግን ገብቶኛል። አንተ ጠዋት ፊትህን ሳትታጠብ የምትሄደው እነሱ ዘንድ ነበራ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። የምነግርህ አንድ ነገር አለ። ከፍርሃቴ የተነሣ ዙሪያውን ስዞር ብታየኝ ታገሠኝ። ድሮም ሳጠፋ መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ሁሉ ጨርሼ ነበር ወደ ጥፋቴ የምመጣው።

ከአራቱ ቀፎዎችህ ሦስቱ ደኅና ናቸው። ከኮኩ ዛፍ ሥር የነበረው በጥር ጥሎን ሄደ፤ ጉንዳን ሳይገባበት አልቀረም። በቀፎው መቆሚያ እግሮች ሥር አመድ መነስነሱን አንድ ሳምንት ዘንግቼ ነበር። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት "ጾሙ ይውጣ" ስትል ቆየች፣ ጾሙ ሲወጣ ደግሞ "ተሽሎኛል" አለች። የጎረቤት አጥር ቆርቆሮ ሆኗል፤ ንቦቹ ከፍ ብለው መብረር ተምረዋል። እኔ አሁንም እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት የተማሪዎችን ጽሑፍ እየተየብሁ ነው።

ፖድካስታችንንም አላቋረጥሁትም። "የጓሮ ንብ" አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይወጣል። ባዮሎጂ ማስተማሩን ትተህ ጡረታ ስትወጣ፣ በጓሮው ሁለት ሦስት ቀፎ ያለው የደብረ ማርቆስ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያቆመ ሲጠይቅህ "ለእያንዳንዱ ከምደግመው አንድ ጊዜ ለሁሉም ልናገረው" ያልከው ትዝ ይልሃል? ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ ስልክህን ባዶ ጣሳ ላይ አቁመን ጀመርነው። አንተ ታወራለህ፤ እኔ እየቆራረጥሁ አስተካክዬ ቴሌግራም ላይ እለጥፈዋለሁ። ነርሷም፣ ሾፌሩም፣ ጡረተኛው ወታደርም ያዳምጡን ነበር። ሥራ አልነበረም፤ የቅዳሜ ደስታችን ነበር።

ከሄድህ በኋላ ሦስት ወር ያህል የድሮዎቹን ደገምሁ። ከኅዳር ወዲህ በራሴ ድምፅ ጀመርሁ፤ የማላውቀውን ከደብተርህ እያነበብሁ። አባዬ፣ አድማጩ ቀነሰ። ከእያንዳንዱ ዝግጅት በታች ስንት ሰው እንዳየው የምታሳየዋን ቁጥር ሥራ ላይ ሆኜ በየደቂቃው አያታለሁ። አንድ ቀን ቁጥሯን እያየሁ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ላይ "ምስጋና" የሚለውን "ምስኪና" ብዬ ተየብሁት። ያቆምኸው ነገር በእኔ እጅ ይፈርሳል የሚል ፍርሃት ያዘኝ፤ እንቅልፍ የሚነሳ ፍርሃት።

ስለዚህ በመጋቢት አድማጮችን ለመጠየቅ ወሰንሁ። "ምን ወደዳችሁ? ምን ይሻሻል?" ብዬ ጻፍሁ። መልሱ "በርቺ" ሆነ። "በርቺ እኅታችን።" "የአባትሽን ነፍስ ይማር፣ በርቺ።" የተጋጠሙ እጆች ሥዕልም ብዙ መጣ። ሁሉም ከልባቸው ነው፤ ግን የሚያሻሽለኝ አንድም አልነበረበትም። ከዚያ በእግሬ ተነሣሁ። ገበያ ማር ተራ ወርጄ ጠየቅሁ። እናንተ ንብ አናቢዎች በወር አንዴ የምትሰበሰቡበት ቦታም ሄድሁ። እዚያ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡት ጓደኛህ አቶ ስሜነህ ብቻ ሳያባብሉ ነገሩኝ፤ "አንቺ ታነቢያለሽ፤ አባትሽ ያወራ ነበር። ደግሞ ትቸኩያለሽ፣ የሚያባርርሽ ያለ ይመስል።" ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አለቀስሁ፤ ግን ጻፍሁት። እሳቸው ናቸው ሰው መጻፍ ያፍራል፣ በድምፅ ይላኩልሽ ያሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። በድምፅ ላኩ ስል መጣልኝ። አንዷ የመክፈቻው ሙዚቃ የተኛ ሕፃኗን እንደሚቀሰቅስባት ነገረችኝ። የአይሱዙ ሾፌሩ ድምፁ ከሞተሩ በታች ነው አለኝ። አንድ ሽማግሌ የባህላዊውን ቀፎ ነገር ለምን ረሳችሁት ብለው ተቆጡ። ሙዚቃውን አነሣሁ፣ ድምፁን ከፍ አደረግሁ፣ ደስም አለኝ። ማሻሻል ማለት ይኸው ነው ብዬ።

በሚያዝያ አንድ ማክሰኞ ከቁይ ከተማ አንድ መልእክት ደረሰኝ። ወይዘሮ ትርንጎ ትባላለች፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከእናቷ የወረሰቻቸው ሦስት ቀፎዎች ነበሯት። እንዲህ አለች፤

"ክፉ ልናገር አይደለም። መምህር አዱኛን ነፍሳቸውን ይማርልን። አስተያየት ስጡ ስላልሽ ነው። የመጨረሻውን፣ ንብ ሲራብ ያሉትን ሰምቼ እንደ ቃላቸው አደረግሁ። ስኳሩን በጥብጬ፣ በሰፊ ሰሃን አድርጌ፣ እንዳይሰጥሙም ጭድ ጣል አድርጌበት ቀፎዎቹ ፊት አስቀመጥሁ። በማግሥቱ ጦርነት ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ቀፎ ባዶ፣ መሬቱ ሬሳ ብቻ። ምን አጠፋሁ? እሱን ንገሪኝ ብዬ ነው።"

አራት ቀን አልመለስሁላትም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር በፊቱ እደፋዋለሁ። ዝግጅቱን ከፍቼ አዳመጥሁት፤ በሰኔ ታመህ ሳለ የቀዳነው፣ የመጨረሻህ ስለሆነም ሰው በየስልኩ፣ በየሬዲዮኑ ሚሞሪ ካርድ እየገለበጠ ያስቀመጠው። እውነትም እንዳለችው ነው። ስኳሩን፣ ሰሃኑን፣ ጭዱን ትናገርና "ንቦቹ ራሳቸው ያገኙታል" ብለህ በቀጥታ ለንብ ወደሚሰጠው በሶ ታልፋለህ። በቀን፣ ከቤት ውጭ፣ ከቀፎዎቹ ፊት! ሦስት ቀፎ ላለው ሰው! እኔ እንኳ የማውቀውን አንተ እንዴት ሳትከው? ሕመሙ ነው፣ ራሱን አድክሞት ነው አልሁ። ወዲያው ደግሞ ስንት ሰው ይሆን እንዲህ ያደረገው የሚለው መጣብኝ። የመጨረሻ ድምፅህ በየጓሮው ንብ ሲጨርስ ታየኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ መልእክቷን ላጠፋው ጣቴን አሳርፌበት ነበር። ማንም አላየውም። እንኳን ሌላ ሰው፣ እማዬም አልሰማችም። ያላጠፋሁት "ምን አጠፋሁ?" ስላለች ነው። ጥፋቱን ራሷ ላይ እየፈለገች ነበር።

ከዚያ ያልተቆረጠው ቅጂ አንተ ስልክ ላይ እንደነበረ ትዝ አለኝ። እማዬ ስልክህን ከነጠላዋ ጋር ሣጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ቅዳሜ ከሰዓት ጓሮ ተቀምጬ ከመጀመሪያው አዳመጥሁት። የበር መዝጊያው፣ የወንበሩ ሲጥ ሲጥ፣ "የሺ፣ ጀመረ?" ማለትህ። ስኳሩ ላይ ስትደርስ ሳል መጣብህ። ረጅም፣ ያን ደረትህን የሚያርሰው ሳል። ከዚያ ትንፋሽህን ሰብስበህ እንዲህ አልህ፤

"ይቅርታ አድርጉልኝ። ይኼ በሰሃን የሚሰጠው አንድ ቀፎ ብቻ ላለው፣ ጎረቤቱም ንብ ለሌለው ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ካላችሁ ግን አደራችሁን፣ ውጭ አታስቀምጡ። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከቀፎው ውስጥ፣ መግቢያውን አጥብባችሁ ስጡ። አለዚያ ብርቱው ደካማውን ይዘርፈዋል።"

ከዚያ ሳሉ ደግሞ መጣብህ።

አባዬ፣ አንተ አልተሳሳትህም። የቆረጥሁት እኔ ነኝ።

በቀዳንበት ሳምንት ሐኪም ቤት ለምርመራ ወረፋ ስንጠብቅ፣ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ አንተ ትከሻዬን ተደግፈህ አሸልበህ፣ እኔ በአንድ ጆሮዬ እያዳመጥሁ ነበር ያስተካከልሁት። ሳልህ ስልኩ ላይ ድምፁን በሚያሳየው መስመር እንደ ተራራ ከፍ ብሎ ይታያል። አንድ ተራራ፣ ከዚያ ዝቅ ያለ ሜዳ፣ ከዚያ ሌላ ተራራ። ስታስል ሰው እንዲሰማህ አልፈለግሁም። ተማሪዎችህ፣ ጓደኞችህ "መምህር አዱኛ አለቀላቸው" እንዲሉ አልፈለግሁም። ከተራራው እስከ ተራራው ያለውን በአንድ ላይ ቆርጬ ጣልሁት። መካከል ላይ ያለውን አላዳመጥሁትም። አንተም ከዚያ ወዲያ ዝግጅት የምታዳምጥበት አቅም አልነበረህም።

ለአቶ ስሜነህ ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና "በዝምታ የተስተካከለውን ተኪው፤ ማን ያውቃል?" አሉ። ግን በየካርዱ የተገለበጠውን ማን ይተካዋል? "እንግዲያው ታሞ ስለነበር ተሳሳተ በይ፤ ሰው ይረዳል" አሉ። ይህኛው የበለጠ አስፈራኝ፤ ቀላል ስለነበረ። ሙትን ማንም አይቆጣም። ሁሉም አዝኖልህ ያልፍ ነበር፤ እኔም ድኜ እቀር ነበር፣ በአንተ ስም።

እማዬን ለመንገር ሁለት ቀን ፈጀሁ። ድምፅህን አሰማኋት። ሳሉ ሲጀምር ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። "ጥፋትሽን በራስሽ አፍ ተናገሪ" አለች። "ይኼን ግን ለሰው አታሰሚም። ክፍል ውስጥ እንኳ ሳል ሲመጣበት ወጥቶ ነበር የሚያስለው። አባትሽ ሰው ፊት አስሎ አያውቅም።" እኔም የቆረጥሁት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ለወይዘሮ ትርንጎ በስልክ መንገር አልሆነልኝም። በማግሥቱ አሠሪዬን አስፈቅጄ በሚኒባስ ቁይ ወረድሁ። መንገዱን ሙሉ ስትጮህብኝ ነበር የማየው። ሱቅ በረንዳ ላይ ከስፌት ማሽኗ ኋላ አገኘኋት። አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ፈርጠም ያለች ሴት ናት። ማን እንደሆንሁ ስነግራት ፔዳሉን አቆመችና "ድምፅሽ ቀጭን ነው እል ነበር፤ ለካ ራስሽም ቀጭን ነሽ" አለችኝ። ሳቅ መጣብኝ፤ ከሳቁ ጋር እንባውም መጣ። ሁሉንም ነገርኋት። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክቼ ያንተን ደቂቃ አሰማኋት።

"ድገሚልኝ" አለች። ደገምሁላት። ማዳመጫውን ቀስ ብላ አወለቀችው።

"ይኼን ነው የቆረጥሽው?"

"አዎ።"

"እኔኮ ሳላቸውን ሰምቼ ቢሆን ስለት እሳልላቸው ነበር።" ማዳመጫውን መለሰችልኝ። "እኛ መታመማቸውን ያወቅነው ከሞቱ ወዲያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ይገቡ የነበሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ከሁለቱ ቀፎ ይልቅ የከነከነኝ ይኼ ነው።"

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጓሮዋን አሳየችኝ። ሁለቱ ባዶ ቀፎዎች ተገልብጠው ቆመዋል፤ የተረፈው አንዱ ያጉረመርማል። ስንለያይ "ንግግርሽን ቀስ አድርጊው፤ እየሰፋሁ ነው የማዳምጥሽ" አለችኝ። ይህንንም ጻፍሁት።

ማታ ቤት ገብቼ ያለችውን ቃል በቃል ለእማዬ ነገርኋት። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በሩ ድረስ ተከትላኝ መጣች። "ሊጠይቁት የፈለጉ ነበሩ ማለት ነው" አለች። እኔም አዎ አልኋት። "እንግዲያው አሰሚያቸው። ከነሳሉ።"

ዓርብ ዕቃ ቤቱ ገባሁ። ወረቀት አልያዝሁም። "በመጨረሻው ዝግጅት ላይ ስሕተት አለ። ስሕተቱ የአባቴ አይደለም፤ የእኔ ነው" ብዬ ጀመርሁና ያደረግሁትን እንዳደረግሁት ተናገርሁ። ከዚያ አንተን ለቀቅሁህ፣ ሙሉውን ደቂቃ። ካርድ ላይ የገለበጣችሁ፣ ለሰው የሰጣችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም ስጡ አልሁ። ቅዳሜ ጠዋት ለጠፍሁትና ስልኩን ዘግቼ ልብስ ማጠብ ጀመርሁ። አንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። እኩለ ቀን ላይ ከፈትሁት።

መጀመሪያ ያየሁት ከደምበጫ ነው። "እኔም አንድ ቀፎ አጥቻለሁ። በማታውቂው ገብተሽ የሰው ንብ አታስጨርሺ። ይቅርታሽ ንብ አይመልስም።" አላጠፋሁትም። ስልክ ቁጥሬን ጻፍሁለት፣ እንዳደርግለት የሚፈልገውን እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። አሁንም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቼ አየዋለሁ።

ነርሷ ደግሞ "እሑድ በሰሃን ላቀርብ ስኳሩን ገዝቼ ነበር፤ ደረስሽልኝ" አለችኝ። ከዚያ የመጡት ግን፣ አባዬ፣ ምን እንደምልህ አላውቅም። "በርቺ" የለም። ሰው ሁሉ በድምፁ ለአንተ ነው የሚናገረው። "እግዜር ይማርዎት፣ መምህር።" "አይዞዎት፣ ለደረትዎ ሙቅ ነገር ይውሰዱ።" መሞትህን እያወቁ። ነፍስ ይማር ብለው የጨረሱ ሰዎች ወደ ኋላ ተመልሰው የታመመውን አንተን ይጠይቁሃል። እማዬ እያንዳንዱን እያስከፈተችኝ ሰምታለች፤ ለእያንዳንዱም "አሜን፣ እናንተንም አይንካችሁ" ብላ መልሳለች፣ አንተን ሆና።

በማግሥቱ አቶ ስሜነህ ደወሉና "ሌሎቹንስ ያልተቆረጡ አይተሻቸዋል?" አሉ። እሱ ጥያቄ እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለ። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ ስልክህ ላይ ያለውን ካወጣሁት ጋር እያስተያየሁ ነው። ግማሽ ደርሻለሁ። እስካሁን የሰም ማቅለጡ ላይ አንድ የምታስጠነቅቀው ነገር ተቆርጦ ቀርቷል፤ ቅዳሜ አርሜዋለሁ። በቀረው ግማሽ ምን እንዳለ ስለማላውቅ አንዱን በከፈትሁ ቁጥር እጨነቃለሁ። ግን አንዱንም ሳልሰማ አላልፍም።

አንድ ሌላ ነገር። ከሦስቱ ቀፎዎችህ አንዱን ለወይዘሮ ትርንጎ ሰጥተናል። እኔ ክረምት ይለፍ፣ ንቦቹ ሲበዙ እናካፍላታለን ስል እማዬ "ዛሬ ነው የጎደለባት" አለች። ሲመሽ መግቢያውን ዘጋን፤ ጎህ ሲቀድ ድምፁ አነሰ ያለው ያ የአይሱዙ ሾፌር ጭኖልን ሄድን። እማዬ በዚያ ጉልበቷ ጋቢና ወጣች። ወይዘሮ ትርንጎ አልቀበልም ብላ ተግደረደረች፤ እማዬም "ታሞ ሳለ ልትጠይቂው ብትመጪ ማር ሳላቀምስሽ እሰድሽ ነበር?" አለቻትና ነገሩ አለቀ። ሁለቱ ጓሮ ተቀምጠው ስለ አንተ ሲያወሩ ዋሉ። እኔ ቀፎውን አደላድዬ መግቢያውን ከፈትሁ፤ ይቀመጡ ይሆን፣ ጥለው ይሄዱ ይሆን እያልሁ ሳምንት ሙሉ ተሳቀቅሁ። ትናንት ደውላ በእግራቸው የልጆቻቸውን ምግብ፣ ቢጫውን የአበባ ዱቄት ይዘው እየገቡ መሆኑን ነገረችኝ። ንግሥቷ እየወለደች ነው ማለት ነው፤ አንተ ነህ ያስተማርኸን።

አሁን በየዝግጅቱ መጨረሻ የምጠይቀውን ለውጫለሁ። ምን ወደዳችሁ አልልም። "የተሳሳትሁት ምንድን ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ቅዳሜ መልሶቹን ስከፍት አሁንም እፈራለሁ። አድማጩ ብዙም አልጨመረም፤ ግን ያሉት ይናገሩኛል።

አባዬ፣ ሙት ዓመትህ ሲደርስ ሰው ይሰበሰባል፣ ስለ አንተ መልካሙን ያወራል፤ እኔም አወራለሁ። የማስታውስህ ግን እኔ ቆራርጬ ባሳመርሁት ድምፅ አይደለም። ትንፋሽ አጥሮህ፣ ደረትህን ይዘህ፣ የማታውቀው ሰው ንብ እንዳይጎዳበት ብለህ አንድ ነገር ስትጨምር፣ እንዲያ ሆነህ ነው የማስታውስህ። ከእንግዲህ ከአንተ ምንም አልቆርጥም።

ልጅህ
የሺእመቤት
ደብረ ማርቆስ